መረቁን የሚጠጣው ክር

በኮሪያ የቹሶክ በዓል ዋዜማ ቤቱ ገና ከጠዋቱ በሰሊጥ ዘይት ይታወዳል። እማወራዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ካሮቱን በቀጫጭኑ ትከትፋለች። ምራቲቱ ስፒናቹን የፈላ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ነከር አድርጋ ታወጣና በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቃ፣ በሁለት መዳፏ ጨብጣ ውኃውን ትጨምቃለች። አያትየዋ የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ ለይተው ሁለት ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ሲበርድላቸው ጠቅልለው ይሸነሽኑታል። ምድጃው ላይ አንድ መጥበሻ አለ፤ ሽንኩርቱ ለብቻው ይጠበሳል፣ ካሮቱ ለብቻው፣ እንጉዳዩ ለብቻው፣ በሶያ ሶስ የታሸው የበሬ ሥጋም ለብቻው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ማንም አይቸኩልም።

ሁሉም ከደረሰ በኋላ ተቀቅሎ የጠለለው ኑድል ይመጣል። ግራጫ፣ አንጸባራቂ፣ ጣት ከበስተጀርባው የሚታይበት ክር ነው። በመቀስ ሁለት ሦስት ቦታ ይቆረጥና ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይገባል፤ ሶያ ሶስ፣ ስኳርና የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፤ ከዚያ አትክልቱና ሥጋው ተጨምረው በእጅ ይታሻሉ። ሲታሽ አጠገብ ያለ ልጅ አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእሱ ናት። ምግቡ ጃፕቼ ይባላል። በሠርግ፣ በልጅ አንደኛ ዓመት ልደትና በሽማግሌ ስድሳኛ ዓመት በዓል ላይ ከማይጠፉት ምግቦች አንዱ ነው።

የዛሬ ተመጋቢ ጃፕቼን ያለ ኑድል ሊያስበው አይችልም። ሆኖም ኑድሉ ወደዚህ ሳፋ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1608 እስከ 1623 በነገሠው በጓንግሄ ዘመን ዪ ቹንግ የሚባል ባለሥልጣን ከቤቱ ያሠራውን የአትክልት ምግብ ለንጉሡ እያቀረበ ሞገስ እንዳገኘና እስከ ግብር ሚኒስትርነት እንደደረሰ የመንግሥቱ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። ያ ምግብ ጃፕቼ ነበር፤ ኑድል ግን አልነበረበትም። በ1670 ገደማ ጃንግ ግዬህያንግ የተባሉ እመቤት ለሴት ልጆቻቸው በጻፉት «ኡምሺክ ዲሚባንግ» የተባለ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥም የአትክልቱና የእንጉዳዩ ዓይነት በዝርዝር ሰፍሯል፤ በላዩ የሚፈሰው ወፍራም መረቅም አለ፤ ኑድል አሁንም የለም። በ1919 በሳሪዎን ከተማ የስታርች ኑድል ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ ነው ክሩ በብዛት ወደ ኮሪያ ጓዳ የገባው። አትክልቱን የሚያያይዘው ወፍራም መረቅ ቦታውን ለቀቀ፤ ኑድሉ መረቁን ጠጥቶ ራሱ ማያያዣ ሆነ።

በዓለም ገበያ የብርጭቆ ኑድል እየተባለ የሚሸጠው ይህ ክር በብዙ የእስያ አገሮች አለ፤ በየአገሩም የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። የራሱ ጣዕም የለውም። ሽታም የለውም። ከጎኑ ያለውን መረቅ፣ ቅባት፣ ሎሚና ቅመም ወደ ውስጡ ስቦ ይይዛል። ስለዚህ እሱን የሚያበስል ሰው ከምንም በፊት የሚወስነው ነገር አንድ ነው፤ ክሩ ምን ይጠጣ? መቼስ ይጠጣ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ለመረዳት ግን ክሩ ከምን እንደተሠራ ማየት ይገባል፤ ለዚህም ወደ ቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ግዛት መሄድ የግድ ነው። ዣኦዩአን የምትባለው አካባቢ ከማሾ የሚሠራውን ኑድል ለብዙ ትውልድ ስታመርት ኖራለች። ምርቱ የሚጫነው በአቅራቢያዋ ከምትገኘው ከሎንግኮው ወደብ ስለነበር ዓለም የሚያውቀው በወደቡ ስም ነው። ወደቡ በ1914 ለውጭ ንግድ በይፋ ሲከፈት ጭነቱ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በብዛት ይወጣ ጀመር። የዚያው የሻንዶንግ ሰው ጅያ ሲሽዬ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ቺሚን ያኦሹ» በተባለው የግብርና መጽሐፍ ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ በተበጀበት የበሬ ቀንድ የላመ ሊጥ እየጨመቁ ወደ ፈላ ውኃ ስለማውረድ ጽፏል። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ ፋብሪካው የለወጠው መጠኑንና ፍጥነቱን ነው።

ማሾው ይዘፈዘፋል፤ ሲለሰልስ ከነውኃው ይፈጫል፤ ከዚያ በጨርቅና በወንፊት ይጠልላል። የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ ሁለት ነገር ይዟል፤ ስታርችና ፕሮቲን። የማሾ አንድ አራተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ካልወጣ ኑድሉ ድፍርስ ይሆናል፣ ሲበስልም ይበጣጠሳል። እዚህ ላይ የዣኦዩአን ሠሪዎች ከቀደመው ሥራ የተረፈ ኮምጣጣ ውኃ ይጨምሩበታል። በውስጡ ያሉት የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የስታርቹን ቅንጣቶች እያያያዙ ቶሎ እንዲዘቅጡ ያደርጋሉ፤ ፕሮቲኑ ከላይ ከውኃው ጋር ይቀራል፣ ይደፋል። በጉራጌና በሲዳማ ከእንሰት ቡላ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የተጨመቀው ፈሳሽ ተቀምጦ ነጩ ከሥር ሲረጋ ውኃው ከላይ ይቀዳል። ከዣኦዩአን ጋን ሥር የሚገኘውም እንዲሁ ነጭ፣ ከባድና ንጹሕ ስታርች ነው።

ንጹሕ ስታርች ግን አንድ ችግር አለበት፤ ሊጥ አይሆንም። ስንዴን የሚያያይዘው ግሉተን የለውም፤ ውኃ ቢጨመርበት ከእጅ ላይ ይንሸራተታል። መፍትሔው ከስታርቹ ጥቂቱን ለይቶ በፈላ ውኃ ማገንፎትና ያንን ሙጫ መሳይ ገንፎ ከቀረው ጋር ማሸት ነው። ሊጡ ሲሳብ፣ ሲወርድም ሳይበጠስ ሲቀር ደርሷል ይባላል። በድሮው አሠራር ሠራተኛው ታችዋ የተበሳሳ ቅል ወይም ጭልፋ በአንድ እጁ ከሚፈላው ድስት በላይ ይይዝና በሌላው ቡጢ ሊጡን ይመታል። ክሩ እየተወረወረ ይወርዳል። እጁን ከፍ ካደረገ ክሩ በመንገዱ ላይ ተስቦ ይቀጥናል፤ ዝቅ ካደረገ ይወፍራል። ውፍረቱን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን የዚያ ክንድ ከፍታ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ የለም። ማሽን ይህን ሊተካ ችሏል፤ የዚያ ክንድ ለዓመታት ተለማምዶ ያገኘው ልክ ግን ሊከበር የሚገባው ዕውቀት ነው።

ክሩ ከፈላው ውኃ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ይገባል፣ በዘንግ ይሰቀላል፣ ከዚያም ለሰዓታት በብርድ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። ምክንያቱ በስታርቹ ውስጥ ነው። ስታርች ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለው፤ ቅርንጫፍ የበዛበትና አሚሎስ የሚባለው ቀጥ ያለው። ሙቀት ሁለቱንም ይፈታቸዋል፤ ብርድ ደግሞ ቀጥ ያሉትን ጎን ለጎን አሰልፎ ያጣብቃቸዋል። የተጣበቀው አሚሎስ ኑድሉን እንደገና ቢቀቀልም የማይሟሟ፣ ለጠጥ የሚል ያደርገዋል። ከማሾ ስታርች ውስጥ ሲሶው ገደማ አሚሎስ ነው፤ ከድንችና ከስኳር ድንች ይበልጣል። የማሾ ኑድል እንደ ስፌት ክር ቀጥኖ እንኳ መረቅ ውስጥ ቅርጹን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ተጣብቀው የነበሩት ክሮች ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይና ነፋስ ይቀራሉ፤ በስጡ ሜዳ ላይ ነጩ ክር በረድፍ ተሰቅሎ ይደርቃል።

ማሾ ውድ ስለሆነ አስመስሎ የሚሠራም አልጠፋም። በ2004 በዚያው አካባቢ አንዳንድ አምራቾች የማሾውን ስታርች በርካሽ የበቆሎ ስታርች እየተኩ ሲሸጡ ተደርሶባቸው በቻይና ቴሌቪዥን ተጋልጠዋል። ዛሬ የሎንግኮው ስም በቻይናም በአውሮፓ ኅብረትም በመነሻ ቦታ ስያሜ ሕግ ይጠበቃል። ገዢውም ራሱን ሊጠብቅ ይችላል፤ ከማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ያንብብ። ማሾ ከሆነ ማሾ ይላል፤ ድንችና በቆሎ ካለበትም ይጻፋል።

ንባቡ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አበሳሰሉም ከዚያ ይነሣል። ቀጭኑ የማሾ ኑድል ብዙ እሳት አይፈልግም። ለብ ባለ ወይም በክፍል ሙቀት ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል፤ የቀረውን ድስቱ ይጨርሰዋል። ወፍራሙ የኮሪያ ኑድል ግን ከስኳር ድንች ስታርች ስለሚሠራ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ መቀቀል አለበት፤ ቀለሙም ግራጫ ይላል። ስኳር ድንች ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሰብል ነው፤ ወደ ቻይና ፉጂያን በ1593 ከፊሊፒንስ ያስገባው ቼን ዤንሎንግ የሚባል ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል፤ ወደ ኮሪያ ደግሞ በ1763 ጆ ኦም የተባለ መልእክተኛ ከጃፓኗ ጹሺማ ደሴት ላከው። የተራበን ሕዝብ ለማጥገብ የተፈለገው ሥር ከጊዜ በኋላ የበዓል ሳፋ ውስጥ ገባ።

ጃፕቼን ሲሠሩ ሁሉንም ባንድ መጥበሻ ባንድ ጊዜ የሚጨምሩ የአሠራር መመሪያዎች ዛሬ በዝተዋል። እኔ አልስማማም። ስፒናቹ ውኃ ይለቃል፣ እንጉዳዩም ይለቃል፤ ኑድሉ በአጠገባቸው ካለ ከሶሱ በፊት ያንን ውኃ ይጠጣና ይጠግባል። የጠገበ ክር ደግሞ ሶስ አይቀበልም። እያንዳንዱ ለብቻው ተጠብሶ፣ ውኃው ተኖ፣ ኑድሉ ገና ትኩስ ሳለ ሶያ ሶሱን ቀድሞ ሲጠጣ ነው ጣዕሙ ወደ ውስጥ የሚገባው። የአያቶች ትዕግሥት ከንቱ ልማድ አልነበረም።

ታይላንድ ውስጥ ጉዳዩ ፍጥነት ይሻል። የባንኮክ የመንገድ ዳር ሻጭ ያም ዉን ሴን የሚባለውን ሰላጣ የምታዘጋጀው ደንበኛው እየጠበቃት ነው። አስቀድማ የዘፈዘፈችውን የማሾ ኑድል ከሽቦ ማጥለያ ጋር የፈላ ውኃ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። በዚያው ውኃ ሽሪምፕና የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ታበስላለች። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ የሎሚ ጭማቂ፣ የዓሣ ሶስ፣ ስኳርና የተወቀጠ ቃሪያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኑድሉ ጠብታው ሳይደርቅ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣለት እዚያ ይወድቃል፤ ቀይ ሽንኩርትና የሰለሪ ቅጠል ይከተሉታል። ሰላጣ ነው ተብሎ ኑድሉ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ሎሚው ከሳህኑ ሥር ይቀር ነበር። በትኩሱ ሲገባ ግን ኮምጣጣውን ከጨዋማው ጋር ጠጥቶ ይወጣል፤ እያንዳንዷ ክር ታቃጥላለች።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን ሌላውን የታይ ምግብ፣ ኩንግ ኦብ ዉን ሴንን ነው። በሸክላ ድስት ሥር የአሳማ ጮማ ይነጠፋል፤ በላዩ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ የድንብላል ሥርና ያልደቀቀ ቁንዶ በርበሬ ይደረጋል። የተዘፈዘፈው እንጂ ያልተቀቀለው ኑድል በሶያና በኦይስተር ሶስ ታሽቶ ከላይ ይደረባል፤ ትላልቅ ሽሪምፖች ይጋደሙበታል። ድስቱ ይከደናል። ከዚያ በኋላ የምግብ አብሳዩ እጅ አይገባም። ሽሪምፑ ሲበስል የሚለቀውን ጭማቂ ኑድሉ ከላይ ይቀበለዋል፤ ጮማው ሲቀልጥ ከታች ይስበዋል። ክዳኑ ሲነሣ በድስቱ ውስጥ አንድም ፈሳሽ የለም፤ ሁሉም ክሩ ውስጥ ነው። ተመጋቢው መጀመሪያ የሚጠቀልለው ኑድሉን እንጂ ሽሪምፑን አይደለም፤ ትክክልም ነው።

ቬትናም ሌላ ስታርች አላት። በሰሜኑ ክፍል ሚየን የሚባለው ኑድል የሚሠራው ዶንግ ዚየንግ ከሚባል፣ ቅጠሉ ሙዝ ከሚመስል ተክል ሥር ነው፤ እሱም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በሃኖይ ዳርቻ ያለችው የኩ ዳ መንደር በዚህ ሥራ ትታወቃለች፤ ክሩ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ተሰጥቶ መንገዱን ዳርና ዳር ይሞላዋል። ይህ ኑድል ለመረቅ የተሠራ ይመስላል። ሚየን ጋ የሚባለው የዶሮ ሾርባ ጥርት ባለ መረቅ ይቀርባል፤ ኑድሉ ለመብል ሲቃረብ እንጂ አስቀድሞ አይጨመርም፤ ቀድሞ ከገባ መረቁን ጠጥቶ ደረቅ ሳህን ያስቀራል። የዚያ አገር ሰዎች የክሩን ጠጪነት ለሌላ ነገርም ያውሉታል። ጥብስ ጥቅልላቸው ውስጥ ከሥጋውና ከእንጉዳዩ ጋር የተቆራረጠ ሚየን ያስገባሉ። ሥጋው በዘይት ሲጠበስ የሚለቀውን ጭማቂ ኑድሉ ከውስጥ ይይዘዋል፤ ስለዚህ መጠቅለያው ሳይርስ ኩርሽም ይላል። ሳምቡሳ የሚጠብስ ሰው የረጠበ ሙሌት ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና ይህ ብልሃት ይገባዋል።

በቻይና ሲቹዋን «ጉንዳኖች ዛፍ ላይ ሲወጡ» የሚባል ምግብ አለ። የተፈጨ ሥጋ በፒሽየን በተብላላ የባቄላና የቃሪያ ድልህ ይጠበሳል፤ መረቅ ይጨመርበታል፤ የተዘፈዘፈው ኑድል ገብቶ መረቁ እስኪያልቅ ይንተከተካል። ክሩ በቾፕስቲክ ከፍ ሲል የሥጋው ፍርፋሪ ተጣብቆበት ይወጣል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የድልሁ ቅላት ውስጥ ድረስ ገብቶ ኑድሉ ቀይ ቡናማ ይሆናል። በጎረቤት ቾንግቺንግ ደግሞ ከስኳር ድንች የተሠራው ወፍራም ኑድል በኮምጣጤና በቃሪያ ዘይት ተዘጋጅቶ በቆመበት ይበላል። ጃፓን ሃሩሳሜ፣ ፊሊፒንስ ሶታንግሆን፣ ኢንዶኔዥያ ሶኡን አላቸው፤ የመጨረሻው ከአረን ዘንባባ ስታርች ጭምር ይሠራል።

ስለ ጤና የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። በስሙ ማሾ ስላለበት ብቻ እንደ ጥራጥሬ የሚያየው ሰው ይሳሳታል፤ ፕሮቲኑ ከውኃው ጋር ተደፍቷል። 100 ግራም ደረቅ ኑድል 350 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው ፕሮቲኑ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከባቄላ ውጤት፣ ከቶፉ፣ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር መበላት አለበት። ግሉተን የለውም፤ ስንዴ ለማይስማማው ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሶያ ሶስ ስንዴ ይገባበታል፤ ኑድሉን መርጦ ሶሱን ሳያነብ የገዛ ሰው ከሸሸው ነገር አላመለጠም።

ማሾ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ይዘራል፤ ቶሎ ስለሚደርስ ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ ገበሬውን ይታደገዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ሰብሎች አንዱ ሆኗል፤ አብዛኛው በጆንያ ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል። በእኛ ማዕድ ላይ ግን ከምስርና ከሽሮ እህል ጋር ሲነጻጸር ቦታው ጠባብ ነው። አገራችን የምታመርተውን እህል ሌሎች ወደምን እንደሚለውጡት ማወቅ ለገበሬውም ለምግብ ሠሪውም ይጠቅማል።

ለጾም ማዕድም ይህ ኑድል ይስማማል፤ በራሱ ወተትም እንቁላልም የለበትም። የኮሪያ የቡድሃ ገዳማት መነኮሳት ሥጋ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይገባበት ጃፕቼን ከእንጉዳይና ከአትክልት ይሠሩታል። በእኛ ቤት ሽንኩርቱን መተው አያስፈልግም። የዓሣና የኦይስተር ሶስ የሚጠራጠር በሶያ ሶስ ይተካ። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና እንጉዳይ ለየብቻ በዘይት ተጠብሰው ውኃቸው ይመጠጥ። ኑድሉ እንደ ዓይነቱ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ በደንብ ይጠልል፤ ትኩስ ሳለ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ስኳር፣ የደቀቀ ዝንጅብልና የሰሊጥ ዘይት ይጨመርበት፤ አትክልቱ ከዚያ በኋላ ይግባ። ደርቆ ከታየ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይበቃዋል። ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ነጭና ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ አልተበላሸም፣ ብርዱ አሚሎሱን እንደገና አሰልፎት ነው። መጥበሻ ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጎ ማሞቅ ነው፤ ተመልሶ ይጠራል።